«ጭስ ቅመም አይደለም» ለተባለው

ባለምድጃው፦
ትናንት የግቢያችን የነዋሪዎች ማኅበር ተሰብስቦ ከመጪው ፋሲካ ጀምሮ በግቢው ውስጥ ከሰል ማቀጣጠል እንዲከለከል ወሰነ። ውሳኔው አናዶኛል። ይበልጥ ያንገበገበኝ ግን ሐሳቡን ያመጡት ሰው የተናገሩት ነው፦ «ጥብስን የሚያጣፍጠው ሥጋውና ቅመሙ ነው። ጭስ ቅመም አይደለም። ደግሞም በየቤታችን የኤሌክትሪክ ምድጃ አለ።» ተጨበጨበላቸው።

በዚህ ግቢ 11 ዓመት ኖሬአለሁ። በየበዓሉ ከኮሙናሉ፣ ከኮንዶሚኒየማችን የጋራ መገልገያ ቤት፣ ጀርባ ምድጃ ይዘን እንወርዳለን። ከሥር ጭራሮ፣ ከላይ ከሰል። አንዱ በካርቶን ያራግባል፣ ሌላው ሽንኩርትና ቃሪያ ይከትፋል፣ ልጆች «ደረሰ ወይ?» እያሉ ይዞራሉ። ፍሙ ቀልቶ ከላዩ ነጭ አመድ እስኪለብስ ድረስ ማንም ሥጋ አያስቀምጥም። ከዚያ የበጉ ጎድን ፍርግርጉ ላይ ያርፍና የመጀመሪያዋ የስብ ጠብታ ፍሙ ላይ ወርዳ ችስ ትላለች። 55 ቀን ጾሞ ያን ድምፅ የሰማ ሰው የምለውን ያውቃል። አራተኛ ፎቅ ያለው፣ ለዓመታት ሰላም ብሎኝ የማያውቀው ጎረቤቴ እንጀራ በሳህን ይዞ የወረደው በዚያ ሽታ ነው። የኤሌክትሪክ ምድጃ ማንንም ከቤቱ አላስወጣም።

የሦስተኛ ፎቅ እናት፦
የእርስዎ ግቢ ነዋሪ ባልሆንም እጃቸውን ካወጡት ጋር ነኝ። ልጄ አስም አለባት። የገና ዕለት ከሥራችን ሦስት ምድጃ ተቀጣጥሎ፣ መስኮት ዘግተን፣ በበሩ ሥር እርጥብ ፎጣ አጋድመን ዋልን። የምትስበውን መድኃኒት ሁለት ጊዜ ሰጠኋት። እርስዎ የስቡን ጠብታ ሲያዩ እኔ የልጄን ደረት ነበር የማየው። ሰውየው እውነት ተናግረዋል፤ ጭስ ቅመም አይደለም።

ወይራ ጢስ፦
እህቴ፣ ልጅሽን እግዚአብሔር ይማርልሽ። ስለ መስኮትሽ አልከራከርሽም። ስለዚያ አባባል ግን ዝም ማለት አልችልም። ጭስ ቅመም አይደለም? እናቴ የእርጎውን ቅል በወይራ ሳታጥን ወተት አታረጋበትም ነበር። የጋመ ወይራ ታስገባና አፉን ትከድነዋለች፤ ስትከፍተው ውስጡ ጠቁሮ ይሸታል። እርጎው ከረጋ በኋላ ያ ሽታ አብሮት ይቀመጣል። የጠላው ጋንስ? በግራዋ ታጥቦ በወይራ ያልታጠነ ጋን ውስጥ ጠላ የሚጠነስስ ባለሙያ አላውቅም። ይህ ሕዝብ ጭስን በእቃ ከድኖ ለጣዕም ሲጠቀም የኖረ ነው። ጭስ ቅመም ካልሆነ እናቶቻችን ምን ሲያደርጉ ነበር?

የሦስተኛ ፎቅ እናት፦
ቅሉ ተከድኖ ነው የሚታጠነው፤ ራስህ ጽፈኸዋል። የከሰሉን ጭስ ማን ይከድነዋል?

የልኳንዳ ልጅ፦
ሁላችሁም ተሳስታችኋል። አባቴ 30 ዓመት ልኳንዳ ሠርቷል፤ ያደግሁት ፍም አጠገብ ነው። በደንብ የነደደ ከሰል ጭስ የለውም። ጭሱ እንጨቱ ከሰል ሲሆን እዚያው ጉድጓዱ ውስጥ ወጥቶ አልቋል። የሚቀረው ሙቀት ብቻ ነው። ጥብስ ላይ የምታሸቱት ስቡ ፍሙ ላይ ወርዶ ተቃጥሎ፣ ተንኖ ተመልሶ ሥጋው ላይ የሚያርፈውን ነው። ስለዚህ ጭስም ቅመም ነው ከተባለ ቅመሙ የሥጋው የራሱ ስብ ነው። ጎድንና ሻኛ ከሰል ላይ የሚጣፍጡት፣ ጭቅና ደግሞ ድስት የሚሻለው በዚህ ምክንያት ነው።

ግቢውን በጭስ የሚሞላው የቸኮለ ሰው ነው። ያልደረቀ ከሰል ይገዛል፣ በላዩ ነጭ ጋዝ ያርከፈክፋል፣ ገና እየጨሰ ሥጋ ይጥልበታል። ሩብ ሰዓት ቢታገሥ ኖሮ ሦስተኛ ፎቅም አይታመም፣ ሥጋውም ነጭ ጋዝ ነጭ ጋዝ አይልም ነበር።

በቆሎ በክረምት፦
የልኳንዳ ልጅ ስለ ስቡ ያለው አላረካኝም። ሐምሌ ላይ ዝናብ ሲያባራ መንገድ ዳር ጃንጥላ ሥር የተቀመጠችውን እናት አስቡ። አንድ ምድጃ ከሰል፣ አንድ ማራገቢያ፣ አንድ ኩንታል እሸት። በቆሎው የሚንጠባጠብ ስብ የለው፣ ቅመም የለው፣ ጨው እንኳ የለው። ያንኑ በቆሎ ቀቅላችሁ ብሉትና ከዚያ ፍም ላይ እያገላበጠች የጠበሰችውን ቅመሱ። ልዩነቱ ከየት መጣ?

የልኳንዳ ልጅ፦
ከማረሩ። ደረቅ ሙቀት ሲያገኘው የበቆሎው ስኳር ይጠቁራል። ውኃ ውስጥ ያለ ነገር አያርም። ይህም የፍሙ ሥራ እንጂ የጭስ ሥራ አይደለም።

ወይራ ጢስ፦
እንግዲያው የኤሌክትሪክ ምድጃም ያሳርራል። ለምን ያንን ጣዕም አይሰጥም?

የልኳንዳ ልጅ፦
ምጣዱ በመሐል ስለሚገባ ነው። ሥጋው በራሱ ፈሳሽ ውስጥ ይንተከተካል። ፍርግርግ ላይ ፈሳሹ ይወርዳል፣ ፍሙ በቀጥታ ያገኘዋል።

ነርሷ፦
«ጭስ የለውም» የሚለውን ሰዎች እንዳትይዙት አደራ። ጭሱ ጠፋ ማለት አደጋው ጠፋ ማለት አይደለም። ከፍሙ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም። ድንገተኛ ክፍል በሠራሁባቸው ዓመታት በበዓል ማግስት የሚመጡት ብዙዎቹ አንድ ዓይነት ታሪክ ነበራቸው፦ ውጭ ጠብሰው፣ ቡና አፍልተው፣ ማታ ብርድ ሲሆን የቀረውን ፍም ለሙቀት ወደ ቤት አስገብተው በር ዘጉ። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ከዚያ እንቅልፍ። ከነቤተሰቡ ተሸክመው ያመጡትን አይቻለሁ።

ለዚህ ነው ክልከላውን የምቃወመው። ከኮሙናሉ ጀርባ፣ ሰማይ ሥር አታቀጣጥሉ ብትሉት የፋሲካ ዕለት ሰው ከሰሉን አይጥለውም፤ በረንዳው ላይ፣ ማዕድ ቤቱ ውስጥ ያቀጣጥለዋል። ውጭ የነበረውን አደጋ ወደ ውስጥ ገፋችሁት ማለት ነው።

ደግሞ ሁሉም ሰው እንዲያውቀው፣ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2015 ቀይ ሥጋን «ካንሰር ሳያስከትል አይቀርም» ከሚባሉት ምድብ አስገብቶታል። ስቡ ፍሙ ላይ ሲቃጠል የሚፈጠሩት ውሁዶችም ጥሩ ነገር አይደሉም። ያረረውን ቆርጣችሁ ጣሉ፣ ነበልባሉ ሥጋውን እንዳይልሰው አድርጉ። በዓመት ሦስት አራት ጊዜ ከጎረቤት ጋር የሚበላ ጥብስ ግን የዕለት ምግብ አይደለም፤ እኔም እበላለሁ።

ግራር፦
ስለ ጣዕምና ስለ ሳንባ ብቻ ታወራላችሁ፤ ስለ ዛፉ የተናገረ የለም። ከዝዋይ እስከ ላንጋኖ መንገድ ዳር በማዳበሪያ ተሞልቶ የተደረደረው ከሰል የት የነበረ ግራር ነው? በአፈር ተሸፍኖ በሚከሰለው አሠራር አንድ ኪሎ ከሰል ለማግኘት ከ5 ኪሎ በላይ እንጨት ይሄዳል። ልጅ ሆኜ ያየሁት የግራር ደን ዛሬ እዚህም እዚያም የቆመ ዛፍ ነው። እናንተ ጭስ ቅመም ነው አይደለም ትላላችሁ፤ ለእኔ ያ ጭስ የግራሩ ጥላ ነው።

የአዊ ሰው፦
ወንድሜ፣ ከሰል ሁሉ የግራር ከሰል አይደለም። እኛ ጋ ፋግታ ለኮማ ና። ገበሬው ደከረንስ በማሳው ላይ ራሱ ይተክላል፣ በ4 እና በ5 ዓመት ይቆርጠዋል፣ ያከስለዋል፣ መሬቱን መልሶ ጤፍ ይዘራበታል። አሲድ የበላው መሬት ያገገመው በዚያ ዛፍ ነው። ስንት ሰው ቆርቆሮ ቤት የሠራው፣ ልጁን ያስተማረው በከሰል ነው። አዲስ አበባ ላይ የሚነደው አንዱ ክፍል ተተክሎ የመጣ ነው። ከአፋር በኩል የሚመጣውም ፕሮሶፒስ ግጦሹን የወረረ መጤ ዛፍ ነው፤ ቢቆረጥ አርብቶ አደሩ ይመርቃችኋል።

ግራር፦
ደከረንሱን በሽታ እንደመታው አንተም ታውቃለህ። ሌላው ነገር፣ ማዳበሪያው ላይ የዛፉ ስም አይጻፍም። ሸማቹ የቱ ተተክሎ የቱ ተጨፍጭፎ እንደመጣ በምን ይለያል?

የአዊ ሰው፦
በሽታው እውነት ነው፤ ጎድቶናል። ገበሬው ግን ተክሎ ነው የከሰረው እንጂ ጨፍጭፎ አይደለም። ሁለቱን በአንድ ስም አትጥራቸው።

ባለምድጃው፦
በላቀች ምድጃ ነው የምጠብሰው፤ ውስጡ ሸክላ፣ ውጩ ቆርቆሮ። ከተራው የቆርቆሮ ምድጃ ያነሰ ከሰል ይበላል፣ ሙቀቱንም ይይዛል። ለአንድ ቤተሰብ ጥብስ ሁለት እፍኝ ከሰል ይበቃኛል። ለዚያ ቀን ግራር አስጨፈጨፍህ ብትሉኝ ይከብደኛል።

የአሌክሳንድሪያዋ፦
ከቨርጂኒያ ነው የምጽፈው። እዚህ በብዙ የአፓርታማ ሕንፃዎች በረንዳ ላይ ከሰል ማንደድ ክልክል ነው፤ የእሳት አደጋ ደንቡ ከሚቃጠል ግንባታ 10 ጫማ፣ ወደ 3 ሜትር ያህል ራቁ ይላል። ታዲያ ከሰል የሚወድ ሰው የት ይሄዳል? መናፈሻ። መሬት ላይ የተተከለ የብረት መጥበሻ አለ፣ ጠረጴዛ አለ፣ የአመድ መጣያ አለ። በበጋ ቅዳሜ ጠዋት ቀድሞ የደረሰ ቦታ ይይዛል። የኛ ሰው ከሩቅ ይታወቃል፤ አዋዜው ወጥቶ፣ እንጀራው በፎጣ ተጠቅልሎ፣ አንዷ እዚያው ከጎን ጀበና ጥዳ። 19 ዓመት ስኖር አገሬን በጣም የሚያስታውሰኝ ያ ጠዋት ነው። እኛ ጋ ሕጉ ስፍራ ይሰጣል እንጂ ደስታውን አይከለክልም።

ግራር፦
«እኛ ጋ» የሚለው ይቅር። እዚህ ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት ሜዳ የለም፣ አንቺ የብረት መጥበሻ የተተከለበት መናፈሻ ታወሪያለሽ።

የአሌክሳንድሪያዋ፦
ለማነጻጸር አልጻፍኩም። ስፍራ ይወሰን ለማለት ነው። ኮንዶሚኒየሞቹ በ1990ዎቹ መጨረሻ መሠራት ሲጀምሩ ኮሙናሉ የታሰበው ለምን ነበር? ለእርድ፣ ለእንጀራ ጋገራ፣ ለድግስ። ስፍራውማ ተሠርቶላችኋል።

ባለምድጃው፦
ይህን ነበር ስብሰባው ላይ መናገር የነበረብኝ! የእኛ ኮሙናል ግማሹ ለሱቅ ተከራይቷል፣ ግማሹ የሲሚንቶ መጋዘን ሆኗል። ከጀርባው የወጣነው ውስጡ ስለተወሰደብን ነው። አሁን ጀርባውንም ሊወስዱ ነው። ደግሞ «በየቤታችን የኤሌክትሪክ ምድጃ አለ» ያሉት ሰው ባለፈው የፋሲካ ዋዜማ መብራት ሲጠፋ ባለቤታቸው የዶሮ ወጥ ድስቷን ይዛ ወደ እኔ ምድጃ ነው የመጣችው። ደስ ብሎኝ ነው ያስተናገድኳት። ይህን ግን ባይረሱት መልካም ነበር።

ጎራዴ፦
የምን ጭቅጭቅ ነው፤ ሸክላ ጥብስ የሚሸጥበት ቤት ሂዱና ብሉ። ያው ከሰል ነው።

የልኳንዳ ልጅ፦
ያው አይደለም! ሸክላ ጥብስ ጓዳ ውስጥ በመጥበሻ የበሰለ ሥጋ ነው። ከሥር ያለው ፍም እንዳይቀዘቅዝ የሚጠብቅ ነው፤ አንዲት ጠብታ ስብ አይወርድበትም። የከሰል ጥብስ ማለት ዝልዝሉ ፍርግርግ ላይ፣ ከፍሙ ጋር ፊት ለፊት ነው። ሁለቱን አንድ ናቸው የሚል ሰው ፍም አጠገብ አልቆመም።

ጎራዴ፦
ሸክላው ራሱ ጣዕም አለው። ጎንደር ስትሄድ ብላና ንገረኝ።

የልኳንዳ ልጅ፦
በልቻለሁ። የሸክላውን ጣዕም አልካድኩም። የከሰል ነው አትበል ነው ያልኩህ።

ባለምድጃው፦
ወደ ጉዳዩ እንመለስ። ለማኅበሩ ደብዳቤ እየጻፍኩ ነው። በዓመት አራት በዓል ብቻ፣ ከኮሙናሉ ጀርባ ብቻ፣ ከቀኑ 5 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት። ነጭ ጋዝ ክልክል። ከሰሉ ሲቀጣጠል የሚጨሰውን ሩብ ሰዓት አጥሩ ዳር እናቀጣጥልና አመድ ሲለብስ እናመጣዋለን። ፍሙ ማታ በውኃ ይጠፋል፣ ወደ ቤት የሚያስገባ ይቀጣል። የሦስተኛ ፎቅ እናት፣ እርስዎ በእኔ ግቢ ቢሆኑ በዚህ ይስማሙ ነበር?

የሦስተኛ ፎቅ እናት፦
አስቤበታለሁ። ነርሷ ያለችው አሳምኖኛል፤ ከበረንዳ ሜዳ ይሻላል። ነገር ግን የኛ ኮሙናል ያለው በልጄ መስኮት ትይዩ ነው፣ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ወደ እኛ ነው። አራት ሰዓት ሙሉ መስኮት መዝጋት ለእናንተ ቀላል ይመስላችኋል።

ወይራ ጢስ፦
ታዲያ በነፋሱ በኩል ይቀመጥ። ከሕንፃው ወዲያ ማዶ ቦታ የለም?

የሦስተኛ ፎቅ እናት፦
መኪና ማቆሚያ ነው። ለመኪና ቦታ የሚለቅ ሰው ካገኛችሁ ንገሩኝ።

ባለምድጃው፦
ስንት መኪና ነው? በበዓል ዕለት ግማሹ ዘመድ ጥየቃ ይወጣል። የእኔን ከጠዋቱ ጀምሮ አወጣዋለሁ።

ጎራዴ፦
ጎንደር ያለው ሸክላ ጥብስ ላይ ስብ ከላይ ይደረግበታል፣ አላየህም?

የልኳንዳ ልጅ፦
ከላይ ማድረግና ፍም ላይ ማውረድ ይለያያል አልኩህ እኮ።