ካምቢዮው ወርዶ ከተገጠመ በኋላ የመጣ የማርሽና የኤሌክትሪክ ችግር፦ ናፍጣ ዶልፊን

የአዳማው ባለመኪና፦

ለሁላችሁም ሰላምታዬ ይድረስ። እ.ኤ.አ. በ1998 የተሠራ፣ 2.8 ሊትር የሆነው 3ኤል የናፍጣ ሞተርና ባለ አምስት ማርሽ ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን) ያለው ቶዮታ ሃይስ፣ በተለምዶ ዶልፊን የምንለው ሚኒባስ አለኝ። ሥራው በአዳማና በአሰላ መካከል ሰው ማመላለስ በመሆኑ መልካሳ ላይ አዋሽን ከተሻገረ በኋላ በዴራና በኢተያ በኩል ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ እስካለችው አሰላ ድረስ ተጭኖ ይወጣል። በዚህ ዳገት ላይ ሞተሩን ከካምቢዮው ጋር የሚያያይዘውና የሚያላቅቀው ፍሪሲዮን መንሸራተት ስለ ጀመረ ካምቢዮው ወርዶ ዲስኩ፣ ዲስኩን የሚጫነው ስፒንጂ ዲስክና የፍሪሲዮኑ ኩሽኔታ በአዲስ ተተኩ።

መንሸራተቱ ጠፍቷል። ይሁን እንጂ መኪናው ከጋራዥ ከወጣ ወዲህ ሌላ ጣጣ መጣ። ሞተሩ ሲሞቅ የኋላ ማርሽ ሳይንጓጓ አይገባም፤ ቆሜ ሳለሁ አንደኛ ማርሽ ለማስገባትም ከዘንጉ ጋር መታገል ግድ ይሆንብኛል። ከአሰላ ስመለስ ደግሞ ቁልቁለቱ ላይ እግሬን ከነዳጅ መስጫው ሳነሣ አምስተኛው ማርሽ በራሱ ጊዜ ይለቃል። እውነቱን ለመናገር ይህኛው ካምቢዮው ከመውረዱ በፊትም አልፎ አልፎ ይታይ ነበር።

በኤሌክትሪኩ በኩል ሞተሩን የሚያስነሣው ሞተሪኖ እጅግ ደክሞ ይዞራል፤ አንዳንዴም አንድ ጊዜ ‹ቀጭ› ብሎ ዝም ይላል። ባትሪው አዲስ ነው፤ ችግሩ ግን አልተለወጠም። ከዚህ ሌላ የኋላ ማርሽ ሳስገባ አልፎ አልፎ የሙቀቱና የነዳጁ መለኪያ ቀስቶች ባንድ ጊዜ ይወድቃሉ፤ ፊውዙ ሲታይም ተቃጥሎ ይገኛል። ከዚሁ ጋር ግንኙነት ይኑረው አይኑረው ባላውቅም የነዳጅ መስጫው ፔዳልም ከቀድሞው ይልቅ ከብዷል።

አንድ መካኒክ ካምቢዮው ዳግም ወርዶ መከፈት አለበት ሲለኝ፣ አንድ ኤሌክትሪሲስት ደግሞ ሞተሪኖውም ባትሪውን የሚሞላው ዲናሞም ይቀየሩ አለኝ። ለሁለቱም ገንዘብ ከማውጣቴ በፊት ከየት መጀመር እንዳለብኝ የምታውቁ ብትመክሩኝ በእጅጉ አመሰግናለሁ።

ኤሌክትሪሲስት ከሐዋሳ፦

ወንድሜ፣ ከጻፉት ሁሉ ትኩረቴን የሳበው እንደ ዋዛ መጨረሻ ላይ የጠቀሱት የፔዳሉ መክበድ ነው። በእኔ ግምት ሞተሪኖውም ዲናሞውም ጥፋት የለባቸውም፤ ካምቢዮው ሲወርድ የተፈታ የማሳ ሽቦ (የባትሪው ኔጌቲቭ መመለሻ) ተመልሶ አልታሰረም ወይም ዝገትና ቀለም ላይ ታስሯል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሞተሩና ካምቢዮው የተቀመጡት በላስቲክ ሱፖርቶች ላይ ስለ ሆነ ከሻንሲው (ከመኪናው የብረት አካል) ጋር በብረት አይገናኙም። ሞተሪኖው የናፍጣ ሞተርን ለማዞር በመቶዎች የሚቆጠር አምፔር ይስባል፤ ይህ ሁሉ ኃይል ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ የሚመለሰው በወፍራሙ የማሳ ሽቦ ነው። ያ ሽቦ ሲጎድል ኃይሉ ሞተሩን ከሻንሲው ጋር የሚያገናኝ ሌላ ብረት ይፈልጋል፤ ብዙ ጊዜ የሚያገኘውም የነዳጅ መስጫውን ገመድ ነው። ቀጭኑ የብረት ገመድ ይህን ያህል ኃይል ሲያልፍበት ይግላል፣ በውስጡ ያለው የፕላስቲክ ሽፋን ይቀልጣል፣ ከዚያ በኋላ ገመዱ ይይዛል። ፔዳልዎ የከበደው በዚህ ምክንያት ከሆነ ማሳው ከታሰረ በኋላ ገመዱንም መቀየር ይኖርብዎታል፤ ሽፋኑ የቀለጠ ገመድ አንድ ቀን ነዳጅ እንደ ሰጠ ሊቀር ስለሚችል ዘይት ቀብቶ ማለፍ አይገባም።

ይህን ለማረጋገጥ መልቲሜትሩን በዲሲ ቮልት ላይ አድርገው አንዱን ጫፍ በባትሪው ኔጌቲቭ ምሰሶ ላይ፣ ሌላውን በሞተሩ ንጹሕ ብረት ላይ ይያዙና ረዳትዎ ቁልፉን አዙሮ ሞተሪኖውን እንዲያሠራ ያድርጉ። ንባቡ ከ0.2 ቮልት በታች ከሆነ ማሳው ደኅና ነው፤ ከግማሽ ቮልት ካለፈ ግን ጥፋቱ እዚያው ነው። መልቲሜትር ከሌለዎት ባትሪ ለማስነሣት ከምንጠቀምባቸው ወፋፍራም ገመዶች አንዱን ከባትሪው ኔጌቲቭ ወደ ሞተሩ ብረት በቀጥታ ያገናኙና ያስነሡ። ሞተሪኖው ወዲያው ከበረታ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም።

ማሳው ደኅና ሆኖ ‹ቀጭ› ማለቱ ከቀጠለ እንኳ ሞተሪኖውን በሙሉ ለመቀየር አይቸኩሉ። በእነዚህ ቶዮታዎች ሞተሪኖ ውስጥ ዋናውን ኃይል የሚያገናኙት የመዳብ ቁርጥራጮች በጊዜ ብዛት ይበላሉ፤ እነርሱ ለብቻቸው ይቀየራሉ፣ ዋጋቸውም ከሞተሪኖው ጋር የሚወዳደር አይደለም።

ወደ ፊውዙ ልመለስ። የኋላ ማርሽ ሲገባ የሚበራውን የኋላ መብራት የሚቆጣጠረው ስዊች በራሱ በካምቢዮው አካል ላይ የተጠመደ ሲሆን ሽቦው በካምቢዮው ጎን ያልፋል። በብዙ የቶዮታ ሞዴሎች ላይ ደግሞ የኋላ መብራቱና የዳሽቦርዱ መለኪያዎች አንድ ፊውዝ ይጋራሉ። ካምቢዮው ሲገጠም ሽቦው በብረት መካከል ተጨፍልቆ ወይም ማርሚታው (የጭስ ማውጫው) ላይ ተደግፎ ልባሱ ከተቀደደ፣ የኋላ ማርሽ በገባ ቁጥር ማሳ እየነካ ፊውዙን ያቃጥለዋል፤ መለኪያዎቹም አብረው ይሞታሉ። እስኪያገኙት ድረስ ትልቅ አምፔር ያለው ፊውዝ እንዳይተኩበት አደራ እላለሁ። በዚህ መኪና ላይ ሞተሩ ከፊት ወንበሮች ሥር ስለሚገኝ የሽቦዎቹ ልባስ በሙቀት ብዛት ደርቆ የሚሰባበር ሆኗል፤ ፊውዙ ካልቆረጠ የሚቃጠለው ሽቦው ነው።

መካኒክ፣ አዳማ፦

ሐዋሳ ያሉት ባለሙያ ስለ ማሳው በተናገሩት እስማማለሁ፤ እኔ ስለ ማርሹ ልጨምር። ካምቢዮውን ዳግም ማውረድ ውድ ሥራ ነውና መጀመሪያ ጥፋቱ የካምቢዮው ነው ወይስ የፍሪሲዮኑ የሚለው ይለይ።

ሞተሩ በደንብ ሞቆ ሳለ ያጥፉትና ማርሾቹን ሁሉ አንድ በአንድ ያስገቡ። ሞተሩ ጠፍቶ ሁሉም በልስላሴ ከገቡ፣ ሲነሣ ግን የኋላው ከተንጓጓ፣ ፍሪሲዮኑ ሙሉ በሙሉ አይለቅም ማለት ነው። ቀጥሎ ሞተሩን ያስነሡ፣ የፍሪሲዮኑን ፔዳል እስከ ወለሉ ረግጠው ጥቂት ሰከንዶች ይቆዩ፣ ከዚያ የኋላ ማርሽ ያስገቡ። የኋላ ማርሽ በብዙ ካምቢዮዎች ላይ ሲንክሮናይዘር (የማርሾቹን ፍጥነት የሚያስተካክል ክፍል) ስለሌለው ፍሪሲዮኑ ጥቂት እንኳ ከጎተተ አይደብቅልዎትም። ፔዳሉን ደጋግመው ሲረግጡ ችግሩ ከተሻለ የፍሪሲዮኑ ዘይት ውስጥ አየር ገብቷል፣ ወይም ከላይኛውና ከታችኛው የፍሪሲዮን ፖምፓ የአንዱ ጎሚኒ (ዘይቱን የሚይዘው ላስቲክ) አልቋል። ሲሞቅ መባሱም ወደዚሁ ያመለክታል። አዲስ ስፒንጂ ዲስክ ከአሮጌው ይልቅ ጠንካራ ሊሆን ስለሚችል ደካማውን ፖምፓ የሚያጋልጠው ብዙ ጊዜ እርሱ ነው፤ ስለዚህ ፍሪሲዮኑን የቀየረውን ሰው ከመውቀስዎ በፊት ፖምፓዎቹን ይዩ።

የካምቢዮውን ዘይትም ይጠይቁ። ሲወርድ የነበረው ዘይት ፈስሶ ሌላ ተሞልቷል፤ በከተማችን ደግሞ ካምቢዮው ድምፅ እንዳያሰማ እየተባለ መቶ አርባ ዘይት የመሙላት ልማድ አለ። ይህ ወፍራም ዘይት ማለዳ በአሰላ ብርድ ማርሹን ያከብደዋል እንጂ ሲሞቅ አያከብደውም፤ የእርስዎ ችግር በሙቀት ጊዜ ስለ ሆነ ዋናው ምክንያት አይመስለኝም። ቢሆንም ለካምቢዮ የሚመከረውን 75-90 ጂኤል 4 ዘይት ማድረጉ ሲንክሮናይዘሮቹን ይጠብቃል።

አምስተኛው ከበፊትም ይለቅ ከነበረ የተለየ ጉዳይ ነው፤ ከሌሎቹ ጋር አይቀላቀል።

ሚኒባስ ያለኝ ከሐዋሳ፦

ዲናሞው እንዲቀየር ለተሰጠው ምክር አንድ ነገር ልጨምር። በእነዚህ የኤል ዓይነት የናፍጣ ሞተሮች ላይ ከዲናሞው ጀርባ የቫኪዩም (አየር የሚመጥ) ፖምፓ ተጠምዷል፤ የናፍጣ ሞተር እንደ ቤንዚን ሞተር በራሱ በቂ ቫኪዩም ስለማይፈጥር ፍሬኑን የሚያግዘው ይኸው ፖምፓ ነው። የሚለሰልሰውም ከሞተሩ በቧንቧ በሚመጣ ዘይት ነው። ስለዚህ ዲናሞው መቀየር ካለበት በጀርባው ፖምፓ ያለውን እንጂ የቤንዚን ሞተር ዲናሞ መግጠም አይቻልም፤ ከተገጠመ ፍሬኑ እንደ ድንጋይ ይደርቃል፣ ያውም ከኢተያ ወደ ዴራ በሚወርድ መኪና ላይ። የፖምፓው ፓራዮሊ (ዘይት እንዳያልፍ የሚከለክለው ላስቲክ) ሲያረጅ ደግሞ ዘይት ወደ ዲናሞው ውስጥ ገብቶ ካርቦኖቹን ያበላሻል፤ እንዲህ የሆነውን ዲናሞ ፓራዮሊው ሳይቀየር መጠገን ገንዘብ መጣል ነው።

ለማንኛውም ሳይለኩ አይቀይሩ። ሞተሩ ጠፍቶ ያደረ ሙሉ ባትሪ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል፤ ሞተሩ ተነሥቶ ከ13.8 እስከ 14.5 ከደረሰ ዲናሞው ሥራውን እየሠራ ነው። መኪናውን ላቫጆ ስታሳጥቡም በግፊት የሚመጣ ውኃ ወደ ሞተሩ እንዳይረጩ ንገሯቸው፤ ግማሹ የኤሌክትሪክ ችግር የሚጀምረው እዚያ ነው ብል አላጋነንኩም።

የአዳማው ባለመኪና፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። በወፍራሙ ገመድ ስንሞክር ሞተሪኖው እንደ አዲስ ዞረ። ወደ ሥር ገብተን ስናይ የማሳው ሽቦ ጫፍ ከካምቢዮው አጠገብ ተንጠልጥሎ ብሎኑ ጠፍቷል። ብረቱ በብሩሽ ተጠርጎ ታሰረ፤ የነዳጅ መስጫው ገመድም ሲወጣ በእርግጥ ውስጡ ቀልጦ ስለ ነበር ተቀየረ። የኋላ መብራቱ ሽቦ በካምቢዮው ላይኛው ጠርዝ ተጨፍልቆ ተገኘ። ዲናሞው 14.1 ስላሳየ አልተነካም። የታችኛው የፍሪሲዮን ፖምፓ ጎሚኒው ሲነሣ ዘይት አፍስሷል፤ ተቀይሮ አየሩ ከወጣለት በኋላ የኋላውም አንደኛውም ያለ ድምፅ ይገባሉ።

የቀረው አምስተኛው ብቻ ነው። ረዳቴ ዘንጉን በጎማ ማሰሪያ ከወንበሩ ጋር እንሰረው ይላል፤ ብዙ ሾፌሮችም እንዲህ ያደርጋሉ። ጉዳት ይኖረው ይሆን?

መካኒክ፣ አዳማ፦

አይሰሩት። ዘንጉን በኃይል ሲይዙት በካምቢዮው ውስጥ ያለው ማርሽ አስገቢ ሹካ ሳያቋርጥ በሚዞረው ቀለበት ላይ እየተጫነ ይበላል፤ አሁን አንድ ዕቃ የሚያስቀይረው ጥፋት ያን ጊዜ ሁለት ያስቀይራል። እስኪታይ ድረስ ቁልቁለቱን በአራተኛ ይውረዱ፤ ለፍሬኑም ይሻላል።

በመጀመሪያ የካምቢዮውን የኋላ ሱፖርት ያሳዩ። ላስቲኩ ከተቀደደ እግርዎን ከነዳጅ ሲያነሡ ካምቢዮው ይወዛወዛል፣ ዘንጉም ማርሹን ይጎትተዋል። ሱፖርቱ ደኅና ከሆነ ማርሹን በቦታው የምትይዘው ኳስና ስፕሪንጓ፣ ቀጥሎም የአምስተኛው ቀለበትና የማርሹ ጥርሶች ይታያሉ። ጫፋቸው ከተድበለበለ ማርሹ በጭነት ለውጥ ጊዜ መልቀቁ አይቀርምና ያን ጊዜ ካምቢዮው መከፈቱ ግድ ነው። ሲከፈት ከፊት ያለውን ፓራዮሊም አብረው ያስቀይሩ፤ ዘይቱ ወደ አዲሱ ዲስክ ከደረሰ መንሸራተቱ ይመለሳል።