«አረንጓዴ» ታሪፍ ከነፋስ የመነጨ መብራት ያስገባል?

መሐል ሜዳ ተወልደው አሁን እንግሊዝ አገር ቤት የተከራዩት እኅታችን፣ «መቶ በመቶ ታዳሽ» ለተባለ ታሪፍ ጥቂት ፓውንድ ጨምረው ቢከፍሉ በእርግጥ ከነፋስ የመነጨ መብራት ይደርሳቸው እንደሆነ ጠይቀዋል። ወደ ደብረ ብርሃን ከመመለሴ በፊት እዚያው አገር የመብራት ሒሳብ ስከፍል ስለኖርኩ የማውቀውን ላካፍል።

ወደ ቤትዎ የሚገባው ኃይል ከጎረቤትዎ አይለይም። ከጋዝም፣ ከኒውክሌርም፣ ከነፋስም የመነጨው ሁሉ አንድ ቋት ውስጥ ይገባል፤ የመንደሩ ገብስ ሁሉ ከተገለበጠበት ጎተራ የማን ማሳ ምርት እንደተሰፈረልን መለየት አይቻልም። የሚለየው ወረቀቱ ነው። ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ኦፍጀም ታዳሽ ኃይል ለሚያመነጩ ጣቢያዎች በእያንዳንዱ ሜጋ ዋት ሰዓት አንድ የምንጭ ማረጋገጫ ይሰጣል፤ ማረጋገጫው ከኃይሉ ተነጥሎ ሊሸጥ ስለሚችል፣ ኃይሉን ከተራው ገበያ የገዛ አከፋፋይ (ኃይል ገዝቶ ለቤቶች የሚሸጥ ድርጅት) ወረቀቱን ለብቻው ገዝቶ ታሪፉን «አረንጓዴ» ሊለው ይችላል። ሒሳቡም የሚመሳከረው በዓመት ስለሆነ፣ ነፋስ በሌለበት የታኅሣሥ ምሽት በጋዝ ኃይል የሠራ ምድጃዎ በሰኔ በመነጨ የፀሐይ ኃይል ወረቀት ይካካሳል።

የኖርዌይ ጉዳይ ደግሞ ይብሳል። አገሪቱ መብራቷን ከሞላ ጎደል ከውኃ ብታመነጭም፣ ማረጋገጫዎቹን ለሌሎች የአውሮፓ አገሮች በብዛት ስለምትሸጥ፣ ወረቀት ያልገዛ ኖርዌያዊ ግድቡ ከደጁ እየታየው በመዝገብ ላይ በአመዛኙ የከሰል፣ የጋዝና የኒውክሌር ኃይል ተጠቃሚ ሆኖ ይቆጠራል። (እኛም እዚህ የምንጠቀመው በአብዛኛው ከውኃ የመነጨ ኃይል ነው፤ አረንጓዴ ብሎ የሚሸጥልን ግን የለም፤ የእኛ ጥያቄ መብራቱ ሳይጠፋ ያመሻል ወይ የሚል ነው።)

የእንግሊዝ የነፋስ ጣቢያዎች በአብዛኛው የተገነቡት በመንግሥት የድጋፍ ሥርዓት ሲሆን፣ ወጪው በደንበኛው ሁሉ ሒሳብ ላይ ሲደመር ኖሯል፤ ስለዚህ ርካሹን ታሪፍ የያዘም ድርሻውን ከፍሏል። ልዩነት የሚያመጡት ኃይሉን ራሱን ከአመንጪዎቹ በቀጥታ ውል የሚገዙ አከፋፋዮች ናቸው። እንዲያውም ኦፍጀም ለታዳሽ ኃይል የጎላ ድጋፍ ያደርጋሉ ያላቸው ጥቂቶች አከፋፋዮች ከዚያ በላይ እንዳያስከፍሉ እ.ኤ.አ. በ2019 ከተጀመረው የዋጋ ጣሪያ በላይ እንዲያስከፍሉ ፈቅዷል።

ተከራይ ቢሆኑም ሒሳቡን በቀጥታ የሚከፍሉት እርስዎ ከሆኑ አከፋፋይ የመምረጥ መብት አለዎት። ከመፈረምዎ በፊት ኃይሉን በውል ይገዙ እንደሆነ ወይስ ወረቀት ብቻ እንደሚገዙ በጽሑፍ ይጠይቋቸው፤ ግልጽ መልስ ካልሰጡዎት ጭማሪውን ትተው ርካሹን ይያዙ ባይ ነኝ።