4,000 አክሲዮን ነበረኝ፣ ሌሊት ስልኬን ስከፍት 200 ሆኖ አገኘሁት

ፓርኪንጉ (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ግራ ገብቶኛል። አምና በቴሌግራም ግሩፕ ምክር የአንድ ትንሽ የመድኃኒት ኩባንያ አክሲዮን ገዛሁ። 4,000 አክሲዮን በ80 ሳንቲም፣ 3,200 ዶላር። ቀስ እያለ 15 ሳንቲም ገባ። ሰኞ ሌሊት ጋራዡ ውስጥ ፈረቃ ላይ ሆኜ ሳየው 200 ብቻ ይላል፣ ዋጋው 3 ዶላር። የተሰረቅሁ መስሎኝ ነበር። አሁን ደግሞ ወደ 1.90 ወርዷል። ልሽጠው ወይስ ልጠብቅ? ግማሹ ብር የእህቴ ነው። ሪያድ ነው የምትሠራው። የአገራችን ብር እየወረደ ስለሆነ በዶላር ያዝልኝ ብላ አደራ የሰጠችኝ ነው።

ጋሼ ሒሳብ (ሲልቨር ስፕሪንግ)፦
ወንድሜ፣ ማንም አልሰረቀህም። ሪቨርስ ስፕሊት ይባላል። ሃያውን አክሲዮን ሰብስበው አንድ አደረጉት። ዋጋውን በቁጥር ከፍ ለማድረግ ነው፦ ናስዳክ የሚባለው የአሜሪካ አክሲዮን ገበያ ላይ ዋጋው 30 የሥራ ቀን በተከታታይ ከ1 ዶላር በታች ከቆየ ለኩባንያው ከገበያው ትወጣለህ የሚል ማስጠንቀቂያ ይመጣል፤ ለማስተካከል አብዛኛውን ጊዜ 180 ቀን ይሰጣል። ስፕሊቱ ብቻውን አይጎዳህም። 4,000 በ15 ሳንቲምም 200 በ3 ዶላርም ያው 600 ዶላር ነው። የበላህ ዳይሉሽኑ፣ የድርሻህ መቅጠን ነው። ገቢ የሌለው ኩባንያ ደሞዝ የሚከፍለው አዲስ አክሲዮን እያወጣ በመሸጥ ነው። ውሃ ሲጨምሩበት ጋኑ ይሞላል፣ አንተ ጋ የሚደርሰው ግን ቅራሪ ነው። ሙለን ይባል የነበረውን የኤሌክትሪክ መኪና ኩባንያ እየው። በ2023 ብቻ ሦስት ጊዜ ሪቨርስ ስፕሊት አደረገ፦ 25ቱን አንድ፣ 9ኙን አንድ፣ 100ውን አንድ። ዓመቱ ሲገባ 22,500 አክሲዮን የነበረው ሰው ሲወጣ አንድ ቀረችው። ብዙውን ጊዜ ስፕሊት ከማድረጋቸው በፊት ለባለአክሲዮኖች ድምፅ ስጡ የሚል ኢሜይል ይልካሉ። አልደረሰህም?

ፓርኪንጉ፦
ደርሶኝ ነበር ጋሼ። ማስታወቂያ መስሎኝ አጠፋሁት።

የጅዳዋ (ዳላስ)፦
እኔ ስለ አክሲዮን አላውቅም። ጅዳ ስድስት ዓመት ሰው ቤት ሠርቻለሁ፣ ደሞዜ 1,000 ሪያል ነበር። የእህትህ 1,600 ዶላር በኔ ጊዜ የስድስት ወር ደሞዝ ነው። ስድስት ወር የሰው ልጅ አዝለህ፣ የሰው ምንጣፍ አጥበህ። ነግረሃታል?

ዴንቨር ነኝ፦
እኔ ድሮም ብያለሁ፣ አገር ቤት ባንክ አክሲዮን ግዙ። ቢያንስ የትርፍ ድርሻ አለው።

ጋሼ ሒሳብ፦
እዚያም ካፒታል ያሳድጋሉ እኮ። ብሔራዊ ባንክ የባንኮችን ዝቅተኛ ካፒታል ከ500 ሚሊዮን ወደ 5 ቢሊዮን ብር ሲያደርሰው ያ ሁሉ አዲስ አክሲዮን ከየት የመጣ መሰለህ? ልዩነቱ፣ ለነባር ባለአክሲዮን ቅድሚያ ይሰጣል። የምትገዛበት ከሌለህ ያንተም ድርሻ ይቀጥናል።

ዴንቨር ነኝ፦
ጋሼ፣ ሁሉንም ያውቃሉ፤ የሲኒማውን አክሲዮን በ2021 ሲገዙስ? ገብርኤል ግቢ ውስጥ «አልሸጥም» ሲሉ ሰምቼዎታለሁ።

ጋሼ ሒሳብ፦
እሱ ሌላ ነው። እሱን አሁንም ይዤዋለሁ።

የጅዳዋ፦
😂 ልጁ ግን መልስ አላገኘም።

ጋሼ ሒሳብ፦
ሽጥ አትሽጥ ብዬ ጣጣ ውስጥ አልገባም። ኤድጋር ላይ፣ ኩባንያዎች ሰነዳቸውን የሚያስገቡበት የአሜሪካ መንግሥት ድረ ገጽ ላይ፣ ገብተህ የኩባንያውን ስም ጻፍ፣ ነፃ ነው። 424ቢ5 የሚል፣ አክሲዮን ሲሸጡ የሚያስገቡት ሰነድ በቅርቡ ካየህ ገና እየሸጡ ነው ማለት ነው። በ1.90 ብትሸጠው ደግሞ ኪሳራህ 2,820 ዶላር ነው። ሌላ የአክሲዮን ትርፍ ከሌለህ ከታክስ ገቢህ ላይ በዓመት እስከ 3,000 ስለሚቀነስ ሙሉው ይገባልሃል። በ30 ቀን ውስጥ መልሰህ አትግዛው ብቻ።

የጅዳዋ፦
ታክሱ ለሱ ተቀነሰለት። ለሷስ? የሷን 1,600 ከራስህ ደሞዝ ሙላ፣ በየወሩ 200 ብታስቀምጥ በስምንት ወር ያልቃል።

ዴንቨር ነኝ፦
እኔ ብሆን ሳልነግራት ነው የምሞላው። ለምን ትጨነቅ?

የጅዳዋ፦
እንዲህ እያላችሁ ነው እኮ! እኔም አገሬ ስገባ «ቤቱ እየተሠራ ነው» ሲሉኝ የኖሩት መሠረቱ እንኳን አልተቆፈረም ነበር። ሳይጨንቀኝ ስድስት ዓመት።

ፓርኪንጉ፦
እሺ እትዬ። እረፍቷ ዓርብ ነው፣ ያኔ እደውልላታለሁ። ኤድጋሩንም አየሁት፣ 424ቢ5 በሦስት ወር ውስጥ አራት አለ። አሁን 1.74 ገብቷል።