የሾፕሮን ሕዝበ ውሳኔ ድምፅ በመንደር መቆጠር ነበረበት ወይስ በአንድነት?

ጥያቄ አቅራቢው፦
ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ። የቀድሞው የሾፕሮን አውራጃ በሀንጋሪ ምዕራባዊ ጠርዝ፣ ከኖይዚድል ሐይቅ በስተ ምዕራብና በስተ ደቡብ የተንጣለለ ሲሆን፣ የ1919 እና የ1920 የሰላም ውሎች ምዕራባዊ ክፍሉን ከነዋና ከተማው ለኦስትሪያ ሰጡ። በ1921 የሀንጋሪ ታጣቂዎች ርክክቡን በኃይል ስላገዱ፣ በጣልያን ሸምጋይነት ቬኒስ ላይ በተደረሰው ስምምነት የሾፕሮን ከተማና በዙሪያዋ ያሉ ስምንት መንደሮች ዕጣቸውን በድምፅ እንዲወስኑ ተደረገ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ ከጠቅላላው ድምፅ 65 በመቶ ያህሉ ለሀንጋሪ ሆነ። ስምንቱ መንደሮች ለብቻቸው ሲታዩ ግን አብላጫው ለኦስትሪያ ነበር፤ ከስምንቱ አምስቱ ኦስትሪያን መርጠዋል። ከተማዋ በሕዝቧ ብዛት የመንደሮቹን ድምፅ ዋጠችው፤ ይህን ፍትሕ ብዬ ልጠራው አልችልም።

የመጀመሪያው መልስ፦
ወንድሜ፣ ድምፁ በአንድነት እንዲቆጠር አስቀድሞ የተስማሙበት ሁለቱም መንግሥታት ናቸው። ከዚህም በላይ በ1910 ቆጠራ ከከተማዋ ነዋሪ ከግማሽ በጥቂቱ የሚበልጠው ጀርመንኛ ተናጋሪ ሆኖ ሳለ፣ ከከተማዋ ድምፅ ከ72 በመቶ በላይ ለሀንጋሪ መሰጠቱ ቋንቋና የአገር ፍቅር አንድ እንዳልሆኑ ያሳያል። ሀንጋሪን ከመረጡት ሦስት መንደሮች አንዷ ኮፕሃዛም የክሮኤሺያውያን መንደር ነበረች።

ሌላ ተሳታፊ፦
ስምምነቱን ሲጠቅሱ የአፈጻጸሙን ነገር አይዝለሉት። ኦስትሪያ የመራጮች መዝገብ ተዛብቷል ብላ ተቃውማ ተወካዮቿን ከምርጫው አስወጥታለች፤ ስለዚህ የ72 በመቶውን ቁጥር ያለ ጥርጣሬ መቀበል ይከብደኛል። ይሁን እንጂ በመንደር መቁጠሩንም አልደግፍም፤ ምክንያቴ የቦታው አቀማመጥ ነው። የምዕራቡ ሸለቆዎች ገበያቸውም ባቡራቸውም ሾፕሮን ነበረች። ድንበሩ ሲሰመር ቡርገንላንድ የተባለው አዲሱ የኦስትሪያ ክፍለ ሀገር ከከተማዋ በስተ ምዕራብ ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ወደሚሰፋ አንገት ጠበበ፤ ዛሬም ከኦስትሪያዋ ማተርስቡርግ ወደ ሌላዋ የኦስትሪያ ከተማ ዶይችክሮይትስ የሚሄደው ባቡር በሀንጋሪዋ ሾፕሮን በኩል ያልፋል። በመንደር ቢቆጠር ኖሮ ከተማዋ ከገዛ እርሻዎቿ ተነጥላ ድንበሩ ይበልጥ ይቆራረጥ ነበር። እኔ የምለው፣ አውራጃው በሙሉ አንድ ላይ ድምፅ መስጠት ነበረበት።

ጥያቄ አቅራቢው፦
ስለ ባቡሩ ያሉት ትክክል ነው፤ አውራጃው በሙሉ ቢጠየቅ ይሻል ነበር በሚለውም እስማማለሁ። ነገር ግን ያ ስላልተደረገ የመንደሮቹ ሰዎች የከፈሉት ዋጋ ቀላል አልነበረም፤ በ1946 ከሾፕሮንና ከአካባቢዋ ጀርመንኛ ተናጋሪዎች በብዛት ወደ ጀርመን ተባረዋል። ኦስትሪያን የመረጡት መንደሮች በመረጡት አገር ቢሆኑ ኖሮ ነዋሪዎቻቸው ከቤታቸው ባልተነቀሉ ነበር።

የመጀመሪያው መልስ፦
የ1946ቱ ግፍ መሆኑን አልክድም። ሆኖም ያ መባረር ለሀንጋሪ ድምፅ የሰጡትን የከተማዋን ጀርመንኛ ተናጋሪዎችም አላስቀረም፤ ስለዚህ ጥፋቱን በ1921 የድምፅ አቆጣጠር ላይ ሳይሆን፣ ሰውን በቋንቋው ለይተው ባባረሩት ላይ አደርገዋለሁ።