በወንድሜ ክሬዲት ካርድ ላይ ሦስት ሰው ነን፤ ወጪውን እንዴት እንለየው?

ጥያቄ (ከሐዋሳ)
ሰላም ለሁላችሁ። የምታውቁ ካላችሁ እርዱኝ፣ ግራ ገብቶኛል። ታላቅ ወንድሜ ዳላስ ነው የሚኖረው። እኔ እዚህ አቶቴ አካባቢ ትንሽ የልብስ ሱቅ አለችኝ፤ ፌስቡክና ኢንስታግራም ላይ ቡስት የማደርግበትን (ማስታወቂያ የማሳይበትን) እሱ ነው በክሬዲት ካርዱ የሚከፍልልኝ። ታናሻችን ደግሞ 10ኛ ክፍል ነው፣ የትምህርት አፕና አንዳንዴም ጌም በዚያው ካርድ ይገዛል። ቁጥሩ አንድ ስለሆነ ስቴትመንቱ (የካርዱ የወር ሒሳብ ዝርዝር) ሲመጣ የቱ የማን እንደሆነ አይለይም። ባለፈው ወር ማናችንም የማናውቀው የፎቶ ማሳመሪያ አፕ ክፍያ ተገኘ። ወንድሜ ምንም አላለም፣ እኔ ግን ተሳቀቅኩ፤ ለፍቶ የሚያመጣው ገንዘብ ነው። ቨርቹዋል ካርድ የሚባል ነገር አለ ሲሉ ሰማሁ። ለየራሳችን ሊሚት (የወጪ ጣሪያ) ያለው ቁጥር ሊሰጠን ይችላል? ከሐዋሳስ ይሠራል?

መልስ (አሜሪካ የምኖር)
እህቴ፣ ይቻላል። ቨርቹዋል ካርድ ማለት ከዋናው አካውንት ጋር የተያያዘ፣ የራሱ 16 ዲጂት፣ የራሱ ማብቂያ ቀንና የራሱ ሲቪቪ (የካርድ ማረጋገጫ ቁጥር) ያለው ቁጥር ነው። ክፍያው የሚወርደው እዚያው የወንድምሽ አካውንት ላይ ነው፣ ሻጩ ግን ዋናውን ቁጥር አያየውም። ጥሩው ነገር አንዱን ቁጥር ስትዘጊው ሌላው አይነካም።

ግን ሁሉም ባንክ እኩል አይደለም። አንዳንዱ ለእያንዳንዱ ቁጥር የገንዘብ ጣሪያ ያስቀምጥልሻል፣ አንዳንዱ ቁጥሩን ለአንድ ሻጭ ብቻ ይቆልፈዋል፣ አንዳንዱ ደግሞ መክፈትና መዝጋት ብቻ ነው ያለው። ስለዚህ ወንድምሽ መጀመሪያ የባንኩን አፕ ከፍቶ ወይም ደውሎ ይህንን ይጠይቅ፦ በወር ስንት ብዬ መወሰን እችላለሁ ወይ? ካልተቻለ ፕራይቬሲ የሚባል አገልግሎት አለ፣ የወር ሊሚት ይሰጣል፣ ለአንድ ሻጭም ይቆልፋል። እሱ ግን የሚያያዘው ከአሜሪካ ባንክ አካውንት ወይም ዴቢት ካርድ ጋር ነው። ገንዘቡ ወዲያው ከአካውንቱ ይወጣል እንጂ ክሬዲት ላይ አይቆይም፣ ይህንን አስቀድሞ ይወቀው።

መልስ (ከአዳማ)
እኛ አዳማ ላይ ከጓደኛዬ ጋር ዲዛይን እንሠራለን፣ ካርዱን ውጭ ያለችው እህቱ ናት የከፈተችልን። ከሥራው የምነግርሽ፣ ቁጥሩን በሰው ሳይሆን በወጪው ዓይነት ለዩት። «የእኔ»፣ «የታናሼ» ከማለት «ማስታወቂያ»፣ «ትምህርት አፕ»፣ «ጌም» ብሎ ስም መስጠት ይሻላል። የጌሙ ሲሞላ የትምህርቱ አይቆምም። ስቴትመንት ላይም የየትኛው ወጪ እንደሆነ ቶሎ ይገባሻል።

ሌላው የማረጋገጫ ኮድ ነገር ነው። አንዳንድ ሻጭ ስትከፍዪ ወደ ባለቤቱ ስልክ ኮድ ይልካል። አንቺ ጠዋት 3 ሰዓት ሱቅሽን ከፍተሽ ስትከፍዪ ዳላስ በበጋቸው ከሌሊቱ 7 ሰዓት ነው፣ ወንድምሽ ተኝቷል። ኮዱ ደቂቃዎች ቆይቶ ይሞታል። አዲስ ቁጥር መጀመሪያ ሻጩ ላይ ስታስገቢ እሱ ነቅቶ ባለበት ሰዓት አድርጊው፣ ማታ ላይ ይመቻል። ካርዱ ከኢትዮጵያ ሲሞከር ባንኩ ተጠራጥሮ ክፍያውን ውድቅ ሊያደርገውም ይችላል፣ ያን ጊዜ ደጋግመሽ አትሞክሪ፣ ወንድምሽ አፑ ላይ «እኔ ነኝ» ብሎ ያጽድቀው።

መልስ (የሒሳብ ባለሙያ፣ ሐዋሳ)
ሁሉም ጥሩ ብለዋል፣ አንድ ግን በደንብ ይሰመርበት። ቁጥሩ ሲበዛ ዕዳው አይከፋፈልም። ሦስት ቁጥር ይሁን አሥር፣ ለባንኩ ባለዕዳው ወንድምሽ ብቻ ነው፣ ወለዱም እሱ ላይ ነው የሚታሰበው።

ሊሚት ማለትም ውል ማቋረጥ አይደለም። የፎቶ አፑን ቁጥር ብትዘጉት ቀጣዩ ክፍያ ውድቅ ሊሆን ይችላል፣ ሰብስክሪፕሽኑ (በየጊዜው ራሱ የሚታደሰው ክፍያ) ግን ራሱ አፑ ላይ ወይም ፕሌይ ስቶር ላይ ካልተሰረዘ በሕይወት አለ። ደግሞ ቪዛና ማስተርካርድ የካርድ ቁጥር ሲቀየር አዲሱን ለሻጮች የሚያሳውቅ አሠራር አላቸው፣ ስለዚህ ካርዱ ተቀየረ ብላችሁ አትዘናጉ። መጀመሪያ ሰርዙ፣ የስረዛውን መልእክት ስክሪንሾት አስቀምጡ፣ ከዚያ ቁጥሩን ዝጉ።

ያንን የማታውቁትን ክፍያ ቶሎ ተከታተሉት። በአሜሪካ ሕግ የክሬዲት ካርድ ስሕተትን መቃወሚያው ስቴትመንቱ ከተላከ ጀምሮ 60 ቀን ነው፣ አቤቱታውም በጽሑፍ ነው። ያልተፈቀደ ክፍያ ከሆነ ተጠያቂነቱ ከ50 ዶላር አይበልጥም። ታናሻችሁ በተሰጠው ቁጥር ፍሪ ትራያል (የነፃ ሙከራ) ጀምሮ ረስቶት ከሆነ ግን ያ ያልተፈቀደ አይባልም። ስለዚህ ልጁን ሳትቆጡ ጠይቁት፣ ስልኩ ላይ ፕሌይ ስቶር ውስጥ ሰብስክሪፕሽን የሚለውን አብራችሁ ክፈቱ። ከተቆጣችሁት ይደብቃል።

ጠያቂዋ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ! ለወንድሜ ልኬለታለሁ። አንድ ልጨምር፣ የማስታወቂያው ሊሚት ሲያልቅ ምን ይሆናል? ቁጥሩንስ እንዴት ይላክልኝ?

መልስ (አሜሪካ የምኖር)
ፌስቡክ ማስታወቂያውን አስቀድሞ አሳይቶ ኋላ ነው የሚያስከፍልሽ፣ ወይ የተወሰነ መጠን ላይ ስትደርሺ ወይ በወሩ የክፍያ ቀን። ካርዱ ከዚያ በታች ከተገደበ ክፍያው ውድቅ ይሆናል፣ ማስታወቂያው ይቆማል፣ የታየው ሒሳብ ግን ዕዳ ሆኖ ይቀመጣል። ስለዚህ ማስታወቂያ አካውንትሽ ላይ ያለውን የወጪ ጣሪያ ከካርዱ ሊሚት ትንሽ ዝቅ አድርጊው። ሁለቱም ጋ ገደብ ይኑር።

ቁጥሩን ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም አይላክልሽ። ደውሎ ያንብብልሽ፣ አንቺም ቀጥታ ሻጩ ገጽ ላይ አስገቢው፣ ወረቀት ላይ አይቅር። ለአንድ ሻጭ የተቆለፈ ከሆነ ቢወጣም ጉዳቱ ያነሰ ነው።

መልስ (ከአዳማ)
ለታናሽሽ ደግሞ ፕሌይ ስቶር ላይ እያንዳንዱ ግዢ ፓስወርድ እንዲጠይቅ አድርጉት፣ ፓስወርዱም አንቺ ጋ ይሁን። ሆቴል መያዝ ካስፈለጋችሁ ግን በቨርቹዋል አትያዙ፤ እንግዳ መቀበያው ላይ ያንኑ ካርድ በእጅ አሳዩ ሊሉ ይችላሉ፣ የምታሳዩት ነገር የለም።