ታላቅ ወንድሜ ለአራታችንም ይጫወታል፤ ምን ይሻላል?

ቤት ውስጥ አራት ነን፦ እናቴ፣ ታላቅ ወንድሜ፣ የ12 ዓመት እህቴና እኔ። የምንጫወተው ፓንዴሚክ የተባለውን የሰሌዳ ጨዋታ ነው። ለማታውቁት፣ በጨዋታው እርስ በርስ አንፎካከርም። አብረን 4 በሽታዎችን እንዋጋለን፤ ካሸነፍን ሁላችንም፣ ከተሸነፍንም ሁላችንም። ባለተራው 4 እርምጃ አለው።

ችግሩ እነዚያ 4 እርምጃዎች ላይ ነው። ወንድሜ የሁላችንንም ያሰላል። እህቴ ገና እጇን ሳትዘረጋ "ወደዚያ ሂጂ፣ ካርዱን ለእማዬ ስጫት" ይላታል። ደግሞ ብዙ ጊዜ ልክ ነው፤ ይበልጥ የሚያናድደውም ይኸው ነው። ባለፈው እናቴ "እንግዲያው አንተው ተጫወትልኝ" ብላ ካርዶቿን አስረክባው ተነሳች።

መጀመሪያ ካርዶቻችንን ደብቀን ለመያዝ ሞከርን። ግን ለአንድ በሽታ መድኃኒት ለማግኘት አንድ ሰው ባብዛኛው 5 ተመሳሳይ ቀለም ያላቸው ካርዶች መያዝ አለበት። ስለዚህ "ማን ሰማያዊ አለው?" መባባሉ አልቀረም፤ እሱም ወዲያው ሁሉንም አወቀ። ቀጥሎ ከባለተራው በቀር ማንም እንዳይናገር ከለከልን። ቤቱ የፈተና ክፍል መሰለ፣ በዚያ ላይ ተሸነፍን።

እርስ በርስ የሚፎካከሩበትን ካታን የተባለ ጨዋታም ሞክረናል። ምርት የሚያስቆመው ዘራፊ የእህቴ መሬት ላይ ሲያርፍ አኩርፋ ስለተኛች ወደ ፓንዴሚክ ተመለስን።

ወንድሜ ክፋት የለውም፣ ዝም ማለት ነው ያቃተው። መመካከሩ ሳይቀር ውሳኔው ግን የባለተራው ብቻ እንዲሆን፣ እናንተ ሞክራችሁት የሠራላችሁ ደንብ ምንድን ነው?