በብስክሌት ቅኝት ላይ ለሚያስቸግረኝ የጉልበት ሕመም ምክር እሻለሁ

የፖሊስ የብስክሌት ቅኝት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1987 ጀምሮ በሚሠራበት በሲያትል መሐል ከተማ፣ ላለፉት 4 ወራት በብስክሌት እየተዘዋወርኩ የምሠራ የ41 ዓመት ፖሊስ ነኝ። ክብደቴ 84 ኪሎ ሲሆን፣ የጥይት መከላከያ ሰደርያው፣ ቀበቶውና ሬድዮው ተደምረው ወደ 10 ኪሎ ይጨምሩብኛል።

ከፈረቃው ሦስተኛ ሰዓት በኋላ ከቀኝ ጉልበቴ ሎሚ ሥር ይወጋኛል፤ የሚብስብኝም ከባሕሩ ዳር ወደ ላይ የሚወስደውን ቀጥ ያለ ዳገት ስወጣና ለረጅም ጊዜ ቆሜ ከቆየሁ በኋላ ድንገት በፍጥነት ስነሣ ነው። ሥራችን እንደ ውድድር ሳያቋርጡ የሚነዱበት አይደለም፤ በዝግታ መሄድ፣ መቆም፣ ከዚያም ሰውነት ሳይሞቅ መፍጠን ነው።

ኮርቻው ዝቅ ማለቱን አይቼ 2 ሴንቲ ሜትር ከፍ አደረግሁት፤ በቀላል ማርሽ በደቂቃ 80 ዙር ያህል መርገጥንም ለመድሁ። ሐኪም በራጅ አይቶ አጥንቱ ደህና ነው ብሎኛል። 2 ሳምንት አርፌ ስመለስ ግን በሁለተኛው ቀን ያው ሕመም ዳገቱ ላይ ተነሣብኝ። ይህን ሥራ መተው አልፈልግም፤ የአገሬ ሰዎች ከሱቃቸው በር ላይ አስቁመው ችግራቸውን የሚነግሩኝ መኪና ውስጥ ስላልሆንኩ ነው።

በሳምንት 4 ቀን ለ10 ሰዓት እየነዳሁ፣ የጭንና የዳሌ ጡንቻ ማጠንከሪያ ልምምዱን በሥራ ቀናት ጭምር ልሥራ ወይስ በ3ቱ የእረፍት ቀናት ብቻ?